ለሦስት ቀበሌ የተገባ አንድ ወረዳ

ኦጋታ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርቲ፣
ጎተንበርግ፣ ስዊድን

እንደምን ከርመሻል? አምላክ ጤናሽን ይጠብቅ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክ፤ የሰው አገር ብርድ አይግባብሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ።

ስልክ ለምን አይዙም እያልሽ ትጠይቂኛለሽ። ሰው በስልክ የተናገረውን ነገ አላልኩም ይላል። የጻፍኩትን ግን አላልኩም ማለት አልችልም። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ አንቺም ጻፊልኝ። ወደ ቦንጋ ፖስታ ቤት የሚያደርስልኝ የሚኒባስ ሹፌሩ አሞጽ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ወረዳነቱ ለኦጋታ አልተሰጠም። ከወንዙ ማዶ ላሉት ተሰጠ። ይህንንም የሰማነው ከወንድምሽ ከኤርምያስ ሳይሆን ከሬዲዮ ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሆነ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። በ2013 ከምርጫው በፊት ኤርምያስ ከነዞን ሹመቱ ከቦንጋ መጥቶ ሜዳችን ላይ ቆመ። እርጥብ ሳር ነጭቶ በእጁ ይዞ፣ «ኦጋታ በሁለት ዓመት ውስጥ ወረዳ ካልሆነች የዚህ አገር ልጅ አትበሉኝ» አለ። ያንን ስብሰባ መርቄ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ መርቄ የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ሰው ያመነው እሱን አይደለም። የእናቱ አጎት፣ ያሳደገው ሰው መርቆታል ብሎ ነው ያመነው።

ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ቦታ ያስፈልጋል ተባለ። ከአባቴ የወረስኩትን ቡና ሰጠሁ። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ቡና ነበር፤ ከነጥላ ዛፉ ተመነጠረ። እኛ ደግሞ እንደ ልማዳችን ከመንግሥት ቀድመን ሮጥን። ግንድ የሚሸከመው ተሸከመ፣ ጭቃ የሚረግጠው ረገጠ፣ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ቤቱ ቆመ። በየበሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጻፈበት፤ ፋይናንስ፣ ግብርና፣ ፍትሕ፣ መዝገብ ቤት። ከውስጥ ወንበር እንኳ የለም። ጥበቃ ግን ቀጠርን፤ ገብረሚካኤልን። ከሩቅ መንደር ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ገበሬ አለና ገብረሚካኤል በሩ ላይ ቆሞ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ» እያለ ይሸኘዋል።

«አንተ፣ የትኛው ኃላፊ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣

«ጋሽ ገሠሠ፣ ቢሮ ከሆነ እንደ ቢሮ ይሁን እንጂ!» አለኝ።

ያን ጊዜ ስቄ ነበር።

ከአንቺ ገንዘብ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። ቃሉን ያጠፈው አስገድደውት ነው ወይስ አስቦበት? እኔን ይሸሸኛል። ለአንቺ ግን አይዋሽም ብዬ ነው።

የእናትሽ አጎት፣
ገሠሠ


ጎተንበርግ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለጋሼ፣

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜያለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ በክረምት ሥራ ይበዛል፤ አረጋውያን የምንከባከብበት ቤት ውስጥ ሰው ታሞ ሰው ጎድሎ ነበር።

ኤርምያስን በስልክ አግኝቼዋለሁ። ብዙ አላወራኝም። «ጉዳዩ ከእኔ በላይ ነው» ብቻ ነው ያለኝ። ድምፁ ደክሟል። ጋሼ፣ እርስዎ እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም፤ ፖለቲካ ውስጥ ያለ ሰው የሚፈልገውን ሁሉ አያደርግም። ስለ ቡናው አዝኛለሁ። እባክዎ አይጨክኑበት፤ ከእርስዎ ሌላ አባት የለንም።

ለጉልበትዎ መታከሚያ ትንሽ ገንዘብ በአሞጽ በኩል ልኬያለሁ። እንቢ እንዳይሉኝ።

ልጅዎ፣
ማርቲ


ኦጋታ፣ የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርቲ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ቤትሽ ይሙቅ፣ ጎረቤትሽ ደግ ይሁንልሽ። ገንዘቡን አሞጽ መልሶ ይልክልሻል። ጉልበቴ ያረጀ እንጂ የታመመ አይደለም፤ ለእርጅና መድኃኒት ብለሽ ገንዘብሽን አታባክኚ።

«ከእኔ በላይ ነው» ያለሽን አነበብኩ። ቃሉን ሲገባ ጉዳዩ በእጁ ውስጥ ነበር፤ ሲያጥፍ ከራሱ በላይ ሆነ። ጉዳይም እንደ ባሕር ዛፍ በሦስት ዓመት ያድጋል ማለት ነው። ጥያቄዬን አልመለሰልኝም፤ አንቺም እንዳልመለሰው አላየሽም።

አሁን የፓርቲውን ሰዎች ልንገርሽ። ተክለጻድቅን ታውቂዋለሽ፤ በቀበሌያችን የአባላቱ ሰብሳቢ ነው። ኤርምያስ ሳር ይዞ ሲምል ከሰው ሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው እሱ ነበር። ገበያ መውጫ ላይ አገኘሁት።

«ጋሽ ገሠሠ፣ በመሠረቱ ቃል አልተገባም እኮ» አለኝ።

«ምን ተገባ ታዲያ?»

«አቅጣጫ ነው የተቀመጠው።»

«ሳሩን የነጨው አቅጣጫ ሊጠቁምበት ነው?»

«እሳቸው የተናገሩት በጊዜው ከነበረው ነባራዊ ሁኔታ አንጻር ነው።»

«እሳቸው ማን ናቸው?»

«ክቡር አቶ ኤርምያስ ናቸዋ!»

«እኔ ጓሮ ማር ሲሰርቅ ንብ ፊቱን ያሳበጠችውን ልጅ ነው እሳቸው የምትለው?»

ሊስቅ ከጀለውና ግራ ቀኙን አየ። የሚሰማ ሰው አለመኖሩን ሳያረጋግጥ መሳቅ እንኳ አይችልም። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ ልጥላው? ለመጠላትም ቁመት ያስፈልጋል።

ከእነሱ መካከል አንድ ሰው ተገኝቷል፤ መምህር ሳሙኤል። አባላቱ ቦንጋ ለግምገማ ተጠርተው ነበር። ሳሙኤል እጁን አውጥቶ፣ «እኛ በዚያ ሕዝብ መካከል የምንኖር ነን፤ ምን ብለን እንመለስ?» አለ። መድረክ ላይ ያሉት የአካባቢ ስሜት አለብህ፣ ራስህን ገምግም አሉት። ከኦጋታ አብረውት ከሄዱት አንድም ሰው አልደገፈውም። ወደዚህ ሲመለሱ ግን መኪናው ውስጥ ሁሉም በየተራ «እውነትህን እኮ ነው» አሉት። ፈርቶ ዝም ያለውን እኔ አልንቅም፤ ሰው ልጅ አለው፣ ደመወዝ አለው። የምንቀው አዳራሽ ውስጥ ድዳ ሆኖ መኪና ውስጥ ምላስ የሚያበቅለውን ነው።

አሁን ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ኤርምያስ ራሱ መጥቶ ሕዝቡን ሊያወያይ ነው ተብሏል። ተክለጻድቅ ትናንት ደጄ መጥቶ ስብሰባውን መርቄ እንድከፍት ለመነኝ። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ሰው እኔን ነው የሚያየው። እኔ ከመረቅሁ ቃሉ ሳይገባ እንደቀረ ይቆጠራል፤ ተቆጥቶ የነበረውም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ካልመረቅሁ ውሸቱ ባለቤቱ አንገት ላይ ይቀራል። እስካሁን መልስ አልሰጠሁም።

ገሠሠ


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ፣

እንኳን ለዓቢይ ጾም መገባደጃ በሰላም አደረሰዎት። ትንሣኤውን በጤና ያሳይዎት።

ገንዘቡ ተመልሶ ደርሶኛል። ተቀይሜያለሁ፤ ግን የእርስዎን ነገር ስለማውቅ ትቼዋለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ልመና አለኝ። ይመርቁት። ምርቃት ምን ያስከፍላል? ሁለት ደቂቃ ነው። ወረዳው አንዴ ሄዷል፤ እርስዎ ዝም ቢሉም ቢናገሩም አይመለስም። ኤርምያስን ግን በበላዮቹ ፊት ያዋርዱታል። ተቀናቃኞች አሉት፤ አንድ ቀዳዳ ነው የሚፈልጉት። እናታችን በሕይወት ብትኖር እሷም ይህንኑ ትለምንዎት ነበር። እርስዎ ከመረቁት ለእሱም ለሁላችንም ይበጃል።

እባክዎ በዚህ አንድ ነገር እንኳ ይሸነፉልኝ።

ልጅዎ፣
ማርቲ


ኦጋታ፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማርቲ፣

እግዚአብሔር የልብሽን ዓይን ያብራልሽ።

«ለሁላችንም» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። ቦንጋ ከአስፋልቱ ዳር የቤት መሥሪያ ቦታ ሊያወጣልሽ ቃል ገብቶልሻል አሉ። የነገረችኝ ጎረቤቴ አበዛሽ ናት፤ እሷም የሰማችው ከኤርምያስ ሚስት ነው። አንቺ ግን አልጻፍሽልኝም። እናትሽን ለዚህ ነገር ከመቃብር ባታስነሺያት ይሻል ነበር።

የሆነውን ልንገርሽ። ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ጠዋት ኤርምያስ ቤቴ መጣ። መኪናውን ከመንገድ አቁሞ በእግሩ ነው የገባው። ጉልበቴን ሳመ፤ ተቀመጠ። ለአንቺ ያቀረብኩትን ጥያቄ ለራሱ አቀረብኩለት። አስገድደውህ ነው ወይስ አስበህበት?

«እውነቱን ልንገርዎት?» አለኝ።

«ከቻልክ።»

«ሊፈቀድ የሚችለው ወረዳ አንድ ነበር። ቃል የገባሁት ግን ለሦስት ቀበሌ ነው።»

«ለሦስት?»

«ለሦስት። ያኔ ሦስቱም መረጡን። ለአንዱ ብሰጥ ሁለቱ ጠላት ይሆኑኛል። ለሦስቱም ብከለክል ግን ማንም ከማንም አይበልጥም፤ አንዱ የሌላውን ማጣት እያየ ይጽናናል።»

«ማዶዎቹስ? ለእነሱ ማንም ቃል አልገባላቸውም።»

«እነሱ መንገድ ዘጉ፣ ጋሼ።»

«እኛ ብንዘጋ ኖሮ ይሰጠን ነበር?»

ፈገግ አለ። «እናንተማ ቤት ሠራችሁ። ቤት የሠራ ሰው መንገድ አይዘጋም፤ የሚጠፋበት ነገር አለውና።»

ልብ በዪ ማርቲ፤ ይህንን ሲነግረኝ አላፈረም። እንዲያውም ከባድ ሂሳብ ሠርቶ ለአስተማሪው እንደሚያሳይ ተማሪ ፊቴን ይመለከት ነበር። ጎበዝ እንድለው ጠበቀ። ሌባ ሲሰርቅ ይደበቃል። ይኼ እንዴት እንደሰረቀን አስረድቶኝ ምስጋና የሚጠብቅ ነው። ግንድ የተሸከመ ሕዝብ፣ ጭቃ የረገጠ ሕዝብ፣ በእሱ ዓይን መንገድ እንዳይዘጋ በገዛ ጉልበቱ የታሰረ ከብት ነው።

«ነገ ይመርቁልኛል?» አለኝ።

«አልመርቅም።»

«እሺ፣ ጋሼ። ብቻ ከፊት ወንበር ይቀመጡልኝ» አለና ተነሣ። አልለመነኝም፣ አልተከራከረኝም። ይህ ትንሽ ገርሞኛል።

በማግስቱ ከቦንጋ ሁለት መኪና መጣ። አንዱ እንግዶች ይዟል፤ በሌላው ካሜራ የያዘ ሰው ነበር። ሜዳው ሞልቷል። ተክለጻድቅ ድምፅ ማጉያውን አንስቶ፣ «አሁን የአገር ሽማግሌያችን ጋሽ ገሠሠ በምርቃት ይከፍቱልናል» አለ። አልመርቅም ማለቴን ኤርምያስ አልነገረውም። ተነሥቼ ማጉያውን ያዝኩ።

«በ2013 እዚህ ቆሜ መርቄያለሁ» አልኩ። «የመረቅሁት ውሸትን ነበር። ሳላውቅ ነው። ዛሬ ዐውቄያለሁና ያንን ምርቃት መልሼ ወስጃለሁ። ይህ ሰው ለእናንተ የማለውን ለሌሎች ሁለት ቀበሌዎችም ምሎላቸዋል። ከአፉ ሰምቻለሁ። በእኔ ተማምናችሁ ግንድ የተሸከማችሁ፣ ከእንግዲህ በእኔ ምርቃት ተማምናችሁ ለማንም አታጨብጭቡ።»

«ጋሽ ገሠሠ፣ ሰዓት...» ብሎ ተክለጻድቅ እጁን ሰደደ።

«ሰዓቱን አንተ ያዘው» አልኩትና ማጉያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

ማንም አልጮኸም። ሰው ከኋላ ጀምሮ እየተነሣ ሄደ። ሳሙኤል ከአባላቱ መካከል ተነሥቶ በፊታቸው ወጣ። ኤርምያስ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያይ ነበር። ያፈረ መሰለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በእጄ ያሳደግሁት ነውና፣ ቢያፍር ይድናል ብዬ አሰብኩ።

ለልመናሽ መልሴ ይህ ነው።

ገሠሠ


ጎተንበርግ፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎት። ሳልጽፍ በመክረሜ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም ነበር።

ኤርምያስ ተሾመ። ወደ ክልል ከፍ ብሏል። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው። ሲነግረኝ እየሳቀ፣ «ያሾሙኝ ጋሼ ናቸው» አለኝ። አልገባኝም ነበር፤ አስረዳኝ። ለካ በላይ ያሉት ለተወለደበት ቦታ ያደላል ብለው ሲጠረጥሩት ኖረዋል። ያን ቀን የተቀረጸው ፊልም በስብሰባቸው ላይ ታየ። የገዛ አጎቱ በሕዝብ ፊት ሲያዋርደው እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ አንድ ቃል ሳይመልስ፣ ከፓርቲው ውሳኔ ፈቀቅ አላለም ብለው አጨበጨቡለት። «እሺ እንደማይሉ ዐውቄ ነው የጋበዝኳቸው፤ ቢመርቁኝ ኖሮ ነበር ችግሩ» አለኝ።

እኔም አብሬው ሳቅሁ ጋሼ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሥራ መግባት አቃተኝ። ይመርቁት ብዬ የለመንኩዎትን አስታወስኩ። ለምኚልኝ ያለኝ እሱ ራሱ ነበር፤ እንቢ እንዲሉ እየፈለገ ለምን እንዳስለመነኝ አላውቅም።

ቦታው ወጥቶልኛል። ደብቄዎት አልነበረም፤ ጉዳዩ ሳያልቅ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው። በኅዳር ቦንጋ ላይ የመሸኛ ምሳ አለው፤ እርስዎን በመኪና ሊያስመጣ ይፈልጋል። አሁን የሚያገኝበት ነገር ስለሌለ ከልቡ ነው መሰለኝ። የፈለጉትን ያድርጉ፤ እኔ ከእንግዲህ አልለምንዎትም።

ማርቲ


ኦጋታ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማርቲ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ካነበብኩት በኋላ ለሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም።

ጠምዶ አርሶብኛል። አልዋሽም ማለቴን እንደ ቀንበር አንገቴ ላይ አኑሮ፣ መሬቱን ገልብጦ፣ ዘርቶ፣ አጨደ። እነዚያም አጨበጨቡለት። እስቲ አስቢው፤ አንድ ሽማግሌ ይህ ሰው ዋሽቷል ብሎ ሲመሰክር አይተው፣ ዋሽቷል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። የጠየቁት አንገቱን እንዴት እንደደፋ ነው። እንዲህ ላለ ጉባኤ እንዲህ ያለ ሹም ሲያንሰው ነው።

ብመርቀው ይሻል ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አይሻልም። እውነት መናገሬ ሌባን ይጠቅማል ብዬ ብዋሽ፣ ያኔ በእርግጥ የእሱ ሆንኩ። ነገ ቢጠሩኝ ያንኑ እደግመዋለሁ፤ ከፈለጉ ሚኒስትር ያድርጉት። ነገር ግን የሆነውን ዐውቄ ዝም ብል የሂሳቡ ተካፋይ እሆናለሁ። ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰዉን አቁሜ ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። የቦታውንም ነገር አልዘለልኩም። ከዘለልኩ እኔም አቅጣጫ አስቀማጭ መሆኔ ነው። ልትቀየሚኝ ትችያለሽ። ቦታውን መያዝም መመለስም የአንቺ ፈንታ ነው። ቤት ከሠራሽበት ግን ለምርቃት አትጥሪኝ።

አንብቤ ስጨርስ ገብረሚካኤል፣ «ጋሽ ገሠሠ፣ ስለዚህ የሰደብነውም ጠቅሞት ነው?» አለኝ። ጠቅሞት ነው አልኩት። «እንግዲያው ምን ብናደርግ ነው የማይጠቅመው?» አለ። ሳሙኤል፣ «ዛሬ የሰማነውን ለሁለቱ ቀበሌዎች ብንነግራቸውስ?» አለ። በማግስቱ ሦስት ሰዎች ሆነው ሄዱ። የሁለቱም ሽማግሌዎች መጥተው ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። ለካ እነሱም ቤት ሠርተዋል። አንደኛው ቀበሌ በሮቹን አረንጓዴ ቀብቷል።

ይህ ወሬ ቦንጋ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ኤርምያስ መጣ። በሚኒባስ ነው የመጣው፤ አሞጽ አጠገብ ተቀምጦ። ካሜራ የለም፣ አጃቢ የለም።

«ጋሼ፣ የእኅቴን ደብዳቤ ለምን አነበቡት?» አለኝ።

«አንተ የእኔን ፊት ለምን አሳየህ?»

«የሽኝቱ ምሳ ይቅር። እዚሁ ይመርቁኝ» አለ።

«ለማን ልታሳየው?»

«ለማንም። ማንም የለም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»

መልስ ሲፈልግ አየሁት። የሚያጣው ሰው አይደለም፤ አንደበቱን ታውቂዋለሽ። ዓይኑን ጣሪያው ላይ አደረገ፣ መሬት ላይ አደረገ፣ ወደ እኔ መለሰ። ትርፉን እያሰላ እንደሆነ ገባኝ። ማንም በማያይበት ቤት ውስጥ ምርቃት ምን እንደሚያስገኝ ፈልጎ አጣው። «እፈልገዋለሁ» ቢለኝ፣ ያችን አንዲት ቃል ብቻ ቢለኝ፣ እኔ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። አላለኝም።

«ሕዝቡ እርስዎን ስለሚሰማ...» ብሎ ጀመረ።

«ይበቃል» አልኩት።

የእኅቴ የልጅ ልጅ ነውና ሳይበላ ከቤቴ አይወጣም። ቆጮና ጎመን አቀረብኩለት፤ ቀና ሳይል በላ። እጁን አስታጠብኩት። ተነሥቶ በሩ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ቆመና ጠበቀ።

«ምሳህን በልተሃል፤ ሂድ» አልኩት።

ገሠሠ